ሜክሲኮ ስንት ጭብጨባ ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ልጅን ማንበብ ለማስጀመር ከታክሲ ረዳት የተሻለ አጋዥ አላገኘሁም። አንድን ቃል ቀኑን ሙሉ፣ አጥርቶ፣ ምቱን ጠብቆ ሲጠራ ይውላል፤ «መገናኛ! መገናኛ! መገናኛ!» የአራት ዓመቷ ልጄ አንድም ፊደል ለይታ ሳታውቅ ከረዳቶቹ አፍ እየተቀበለች በእጇ ማጨብጨብ ጀመረች። መ-ገ-ና-ኛ፣ አራት ጭብጨባ። ፒ-ያ-ሳ፣ ሦስት። ቦ-ሌ፣ ሁለት። ሽ-ሮ-ሜ-ዳ፣ አራት። ሜክሲኮ ላይ ስንደርስ ሦስት ጊዜ አጨበጨበች፤ ሜክ-ሲ-ኮ። ልክ ናት። ታፔላው ላይ የተጻፉት ፊደላት ግን አራት ናቸው። የአማርኛ ንባብ ትልቁ ምሥጢር በዚያ በሦስቱና በአራቱ መካከል ነው ያለው ብዬ አምናለሁ፤ እመለስበታለሁ።

የልጄ እኩዮች አብዛኞቹ ማንበብን የሚጀምሩት በእንግሊዝኛ ነው። በከተማችን ያሉ ብዙ የግል መዋዕለ ሕፃናት ፎኒክስ የሚባለውን ዘዴ ይዘዋል፤ ልጆቹ ከፊደሉ ስም አስቀድመው ድምፁን ይማራሉ። ዘዴው ለእንግሊዝኛ ትልቅ ነገር ነው። 26 ፊደላት 44 ገደማ ድምፆችን በተሸከሙበት፣ የፊደሉ ስም ሌላ ድምፁ ሌላ በሆነበት ቋንቋ ልጅን ከግራ መጋባት ያወጣል። አማርኛ የምታነብ ልጅ ግን ይህ ችግር የለባትም። «በ» የሚባለው ፊደል ስሙም ድምፁም «በ» ነው። የእኛ ንባብ ፈተና ሌላ ቦታ ስለሆነ መድኃኒቱም ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት። ያ መድኃኒት በአያቶቻችን አፍ ላይ፣ በዜማና በጨዋታ መልክ፣ ከእኛ ጋር ኖሯል። የሚያሳስበኝ ዘንድሮ በብዙ ቤት እንደ ቀልድ እየተረሳ መሆኑ ነው።

የሕፃናት ዜማ ለንባብ መሠረት መሆኑን የሚያሳይ ጥናት አለ። በ1983 እ.ኤ.አ. ሊኔት ብራድሊና ፒተር ብራያንት የተባሉ የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ፣ ገና ማንበብ ሳይጀምሩ ቤት የሚመቱ ቃላትንና በአንድ ድምፅ የሚጀምሩ ቃላትን የሚለዩ ልጆች ኋላ ላይ በንባብ ልቀው እንደሚገኙ አሳዩ። ድምፅ መለየት የሚከብዳቸውን ልጆች መርጠውም አሠለጠኑ። ከሁሉም በላይ የተራመዱት ድምፁን ከፊደል ጋር አጣምረው የተማሩት ነበሩ። እኔ ከዚህ የወሰድኩት ትምህርት ዜማውና ፊደሉ በተለያየ ቀን፣ በተለያየ ክፍል መቀመጥ እንደሌለባቸው ነው።

እዚህ ላይ አማርኛ አንድ ጸጋ አለው። በእንግሊዝኛ ቤት የሚመታው የቃሉ ጅራት ነው፤ «ካት» እና «ሃት» የመጀመሪያውን ድምፅ ጥለው የቀረውን ይጋራሉ። በአማርኛ ግን ቤት የሚመታው ፊደሉ ነው። «ዱባ» እና «ዋንጫ» ሁለቱም በ«ኣ» ያልቃሉ፤ ቤት መቱ የሚል ሰው ግን የለም። «ዱባ»፣ «አበባ»፣ «ገባ» ሲባል ነው ጆሮ የሚረካው፤ ተነባቢውና አናባቢው እንደተያያዙ፣ «ባ» በሙሉ መደገም አለበት። ስለዚህ የልጅቱ ጆሮ ዛሬ በዜማ የሚይዘው ድምፅ ዓይኗ ነገ በወረቀት ላይ የሚያየው ፊደል ራሱ ነው። ዜማው ሲያልቅ አንድ ፊደል በጆሮዋ ይዛለች። ለእኛ የሚቀረን መልኩን ማሳየት ነው።

በዚህ ምክንያት ትንንሽ ግጥሞች እሠራላታለሁ፦

ዱባ ዱባ፣
አጥር ዘሎ ገባ፣
ጓሮው አበባ በአበባ።

ሦስቱም ስንኞች «ባ» ላይ ያርፋሉ። «ባ» በመጣ ቁጥር ጠረጴዛውን በመዳፏ ትመታለች። ግጥሙ አፏ ላይ ሲለመድ «ባ» የተጻፈበትን ወረቀት አወጣና «ስትመቺው የነበረው ይኸውልሽ» እላታለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ባ»ን በየሄደችበት ታገኘዋለች፤ «ባንክ» ላይ፣ «ባልትና» ላይ፣ «ባቡር» ላይ። ግጥም ስሠራላት የምጠነቀቅበት ነገርም አለ። በአማርኛ በግሥ ቤት መምታት ቀላል ነው፤ «ሮጠች»፣ «ወጣች»፣ «በላች» እያሉ እስኪነጋ መሄድ ይቻላል። እንዲህ ያለው ግጥም ጆሮን አያነቃም፤ የሚደጋገመው የሰዋስው ቅጥያ ብቻ ነውና። «ጦጣ» ከ«መጣ»፣ «ሎሚ» ከ«ሰሚ»፣ «ዱባ» ከ«ገባ» ጋር ሲገናኝ ግን የማይዛመዱ ቃላት ድንገት መመሳሰላቸው ያስቃታል። ያ ሳቅ መስማቷን ይነግረኛል።

ከእኔ ግጥሞች ሁሉ የበለጠ የሠራው ግን የእናቴ «እንካ ሰላንቲያ» ነው። እናቴ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው፤ ልጄ «እማማ» ትላታለች። ከእራት በኋላ ገበታው ሲነሣ ይጀመራል።

«እንካ ሰላንቲያ!»

«በምንቲያ?»

«በሽሮ!»

«ምን አለሽ በሽሮ?»

«የሚጣፍጠኝ ከዶሮ!»

ተራው የልጄ ሲሆን መጀመሪያ አካባቢ ያገኘችውን ትመልስ ነበር፤ «ምን አለሽ በሽሮ?» ሲሏት «በእንጀራ!» ትላለች። እናቴ አታርማትም። «ሽሮ… ዶሮ… ጓሮ…» እያለች «ሮ»ን ጎተት አድርጋ ትደግምላትና ጨዋታውን ትቀጥላለች። አንድ ምሽት ልጄ «ከቡሮ ከቱሮ!» ብላ መለሰች። ቡሮም ቱሮም በዓለም ላይ የሉም። እኔ ግን ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ ሳምኳት፤ ምክንያቱም ትርጉም የሌለው ቃል ፈጥራ ቤት የምታስመታ ልጅ «ሮ»ን ከቃሉ ነጥላ መስማት ችላለች ማለት ነው። ይህንን ለማምጣት የሥራ ደብተር ስንት ገጽ ያስሞላ ይሆን?

ከዚህ በፊት ያለው ደረጃ እሹሩሩ ነው። ሕፃን ጀርባ ላይ ሆና «ሩ… ሩ…» የሚለውን ስትሰማ ስለ ፊደል የምታውቀው የለም፤ ድምፅ ግን በምት እንደሚከፋፈል ሰውነቷ ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ የተቀባይነት ዘመን ይመጣል። የቡሄውን «ሆያ ሆዬ» ወይም የእንቁጣጣሹን «አበባየሆሽ» ልብ ብላችሁ ስሙት። አውራጁ ረጅሙን፣ የሚለዋወጠውን ስንኝ ይይዛል፤ ተቀባዮቹ ደግሞ አጭሯን ቃል በቦታዋ ያስገባሉ፤ «ሆ!»፣ «ለምለም!» የሦስት ዓመት ልጅ ግጥሙን ሁሉ ባታውቅም የምትመልሰው አታጣም። ጊዜውን ጠብቃ አንድ ድምፅ በትክክለኛው ቦታ ማስገባት ትለማመዳለች። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ማለትም ያው ነው። አባባ ተስፋዬ ሳህሉ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ለስንት ትውልድ በቴሌቪዥን ተረት ሲነግሩ ልጁ በየቤቱ መልስ ይሰጣቸው ነበር። ዛሬ በስልክ የሚከፈቱት የሕፃናት ዘፈኖች ቀለማቸው ያማረ ነው፤ መልስ ግን አይጠብቁም። ልጅ የምትማረው ስትመልስ ነው።

ወደ ፊደሉ ስንመጣ እናቴ አንድ ነገር ላይ አልተስማማችኝም። ከ«በ» ልጀምር ነው ስላት ደነገጠች።

«ያለ ሀ ሁ? ፊደል እኮ በሀ ነው የሚጀመር፣ ልጄ!»

«እማዬ፣ ሀ የትም አይሄድም። ትንሽ ይቆይ እንጂ ይመጣል።»

ምክንያቴን ላስረዳ። የፊደል ገበታው ውበት ሥርዓቱ ነው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ማንም ሕፃን 231 ቅርጽ አንድ በአንድ ይሸምድድ ቢባል ጭካኔ ነው። ደግነቱ አያስፈልግም። ካዕቡ «ቡ» ቀኝ ጎኑ ላይ ቅጥያ ያበቅላል፣ ሣልሱ «ቢ» ያንኑ ቅጥያ ወደ እግሩ ያወርዳል፣ ኃምሱ «ቤ» እግሩ ላይ ቀለበት ያደርጋል። «ባ» ቀኝ እግሩን፣ «ቦ» ግራ እግሩን ያስረዝማል። ይህንን በ«በ» የተማረች ልጅ «ሰ» ላይ ስትደርስ ግማሹን ራሷ ትገምታለች። የ«ሀ» መስመር ግን ይህንን ሥርዓት ይደብቃል። ግእዙ «ሀ» እና ራብዑ «ሃ» በአማርኛ አንድ ዓይነት ድምፅ ነው ያላቸው። ልጅቱ በመጀመሪያው ትምህርቷ የምትማረው ሁለት የተለያዩ ቅርጾች አንድ ድምፅ እንዳላቸው ነው፤ «በ» እና «ባ»፣ «ለ» እና «ላ» የተለያዩ መሆናቸውን ለማወቅ ደግሞ ያንን መርሳት ይኖርባታል። «አ» እና «ኣ»ም እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ ሁለቱን መስመሮች ወደ ኋላ አዘገየኋቸው። ዜማውን ግን አልነካሁም፤ «ሀ ሁ ሂ ሃ» እያለች ከእማማ ጋር ታዜማለች። ማዜምና መለየት ሁለት ነገር ነው።

ይህንን ልዩነት ከእኔ በፊት የቄስ ትምህርት ቤት ሊቃውንት አውቀውታል። «ሀ ሁ»ን በቃሉ የሚያንበለብል ልጅ ጣት ሲያርፍበት ፊደሉን ላይለየው ይችላል፤ ዜማው ብቻውን ይወስደዋልና። የኔታ ለዚህ መላ አላቸው። በስንደዶ አንዴ ከታች አንዴ ከመሐል እየጠቆሙ ይጠይቃሉ። ከዚያም አቡጊዳ ይመጣል፤ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» እያለ በእያንዳንዱ እርምጃ ፊደሉንም ድምፁንም የሚለውጥ ሁለተኛ ቅደም ተከተል። በቃል የተሸመደደው መስመር እዚህ ይሰበራል፤ ልጁ የግድ ዓይኑን ይጠቀማል። ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ አሳትመው በየቤቱ ያደረሱት የፊደል ገበታም ሀሁውን ከአቡጊዳው ጋር ነው የያዘው። ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን ተምረን ሁለተኛውን ዘለልነው። እኔ ግን ከልጄ ጋር በአቡጊዳ እጫወታለሁ፤ ፊደላቱን በካርቶን ቆርጬ መሬት ላይ እበትናለሁ፣ እኔ ስጠራ እሷ ትዘልባቸዋለች።

በቃል ማንበልበል ብቻውን እንደማይበቃ አገራችን በሚያሳዝን መንገድ አይታዋለች። በ2002 ዓ.ም. በስድስት ቋንቋዎች በተካሄደው የንባብ ምዘና ብዙ የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ልጆች አንድም ቃል ማንበብ ሳይችሉ ተገኝተዋል። እነዚህ ልጆች ከፊደል ጋር ሳይገናኙ የቀሩ አይመስለኝም። ፊደሉን ወደ ቃል የሚያሻግራቸው ነው የጎደለው።

አሁን ወደ ሜክሲኮ ልመለስ፤ መሻገሪያው እዚያ ነውና።

«ሜክሲኮ» ውስጥ ያለው «ክ» የራሱ ጭብጨባ የለውም። «ሜ»ን ተደግፎ ይዘጋዋል። «ሽሮ ሜዳ» ላይ ግን «ሽ» ሙሉ ጭብጨባ አለው፤ «ልደታ» ላይ «ል»ም እንዲሁ። ሦስቱም ሳድስ፣ ማለትም የየመስመራቸው ስድስተኛ ፊደል፣ ናቸው፤ ሳድስ ግን አንዴ ይሰማል፣ አንዴ ይዋጣል፣ አጻጻፉ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነው። ለእኛ ለለመድነው ይህ አይታየንም። ጀማሪዋ ግን «ሜ… ክ… ሲ… ኮ…» ብላ አራቱንም በእኩል ጉልበት ታነብብና የሰፈሩን ስም በዚያ ውስጥ አትሰማውም። «ካዛንቺስ»ን አምስት አድርጋ ትጠራለች፤ ጆሮዋ የሚያውቀው ካዛንቺስ ሦስት ነው። ልጆች «ፊደል ያውቃል፣ ማንበብ ግን አልቻለም» የሚባሉት እዚህ ድንበር ላይ ቆመው ይመስለኛል።

የጭብጨባው ጥቅም እዚህ ይወጣል። ልጄ ገና ሳታነብ «ሜክሲኮ» ሦስት መሆኑን ታውቅ ነበር። ስለዚህ አራት ፊደል ስታይ ጥያቄው የእሷ ሆነ፤ «አባዬ፣ አንዱ የት ሄደ?» እኔም «አንዱ ሌላው ላይ ተጠግቷል፤ ማን ማን ላይ ይመስልሻል?» አልኳት። «ክ» ያለበትን ካርቶን አንሥታ «ሜ» ላይ አስጠጋችው። ከዚያ ወዲህ የቤታችን አነጋገር ይህ ሆኗል፤ የተጠጋ ፊደልና ራሱን የቻለ ፊደል እንላለን።

ቅደም ተከተሉንም ከዚህ ነው ያወጣሁት። መጀመሪያ ጭብጨባና ፊደል እኩል የሚሆኑባቸው ቃላት፦ ዱባ፣ ሎሚ፣ ዶሮ፣ ቡና፣ ጫማ፣ አበባ። እዚህ ላይ ረጅም ጊዜ መቆየት ይገባል፤ ልጅቱ «አነበብኩ!» የምትልበት ደስታ የሚገኘው በእነዚህ ነው። ከዚያ በሳድስ የሚዘጉት፦ ላም፣ ሱቅ፣ በግ፣ ቤት። ሁለት ፊደል፣ አንድ ጭብጨባ። ቀጥሎ መሐላቸው ላይ የሚዘጉት፦ ገንፎ፣ መርካቶ፣ ወንበር። በሳድስ የታጨቁት ክንፍ፣ ብርድ ልብስ የመሳሰሉት መጨረሻ ይመጣሉ። «ትምህርት» የሚለውን ቃል አስቡት፤ አምስቱም ፊደላት ሳድስ ናቸው፣ ጭብጨባው ግን ሁለት ብቻ ነው። ይህንን ቃል በመጀመሪያው ገጽ ላይ የሚያስቀምጥ መጽሐፍ ልጁን የሚያስቸግረው ሳያስበው ነው። ሁለት የሚረዱ ልማዶች አሉ፦ ቃል የሚጀምር ሳድስ ብዙውን ጊዜ ይሰማል፣ ቃል የሚጨርስ ሳድስ ብዙውን ጊዜ ይጠጋል። ለልጅ ይህንን እንደ ሕግ መንገር አያስፈልግም፤ ወላጅ ግን ቢያውቀው ትዕግሥት ያገኛል።

የቄስ ትምህርት ቤቱ አካሄድም ከዚህ ጋር ይስማማል። ልጁ ፊደል ከለየ በኋላ መልእክተ ዮሐንስን መጀመሪያ ፊደል በፊደል ይቆጥራል፤ ከዚያ እያዜመ ያያይዛል፤ በመጨረሻ ወደ ቁም ንባብ ይደርሳል። ቆጠራውና ንባቡ ሁለት የተለያዩ ችሎታዎች መሆናቸውን፣ በመካከላቸውም ዜማ እንደ ድልድይ እንደሚያስፈልግ ያወቁ ሰዎች የሠሩት ሥርዓት ነው።

ፊደላችን ጨርሶ የማይጽፈው ነገርም አለ፤ ጥብቀት። «ገና አልመጣም» እና «የገና በዓል» ውስጥ ያሉት ቃላት አንድ ዓይነት ይጻፋሉ፤ የመጀመሪያው «ና» ይላላል፣ ሁለተኛው ይጠብቃል። «ዳቦ አለ» ብለን ብንጽፍ ዳቦ መኖሩን ነው ወይስ አንድ ሰው «ዳቦ» ማለቱን? የቀደሙ መምህራን ከፊደሉ በላይ ትንሽ «ጠ» ወይም «ላ» ጽፈው ያመለክቱ ነበር። በዛሬው ጽሑፍ ግን መላው ያለው አንባቢው ጆሮ ውስጥ ነው። ቃሉን የሰማ ያውቀዋል፤ ያልሰማ የሚያነበው ፊደሉን ብቻ ነው።

ይህንን በሁለት የቤተሰቤ ሰዎች ላይ አይቼዋለሁ። እናቴ ማንበብ የተማረችው በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ወጣት ሴት ሆና፣ ከቀን ሥራ በኋላ። ፊደሉን ከለየች በኋላ ንባቡ እንዳልከበዳት ሁልጊዜ ትናገራለች። አይገርመኝም። ቃሉ፣ ተረቱ፣ ምሳሌያዊ አነጋገሩ ሁሉ ጆሮዋ ውስጥ ተሰናድቶ ነበር፤ ፊደሉ የሚያውቃቸውን ሰዎች ቤት ነው የገባው። የእህቴ ልጅ ደግሞ ቨርጂኒያ ነው የተወለደው። እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን ፊደል ይማራል፤ 231ዱንም አንድ ሳይስት ይጠራል። በስልክ «የገና በዓል» ብሎ ሲያነብልን «ገና አልመጣም» እንደሚባለው አላልቶ አነበበው። ፊደል አልሳተም፤ ቃሉን ጠብቆ ሰምቶት ስለማያውቅ ነው። እህቴ አሁን የእናቴን ተረትና እንቆቅልሽ በድምፅ እየተቀበለች መኪና ውስጥ ታሰማዋለች። በውጭ አገር ልጅ የምታሳድጉ ሁሉ፣ እባካችሁ፣ ከገበታው ጎን ለጎን የአያትን ድምፅ አስቀምጡ። ገበታው በገንዘብ ይገዛል፤ ያኛው ግን አይገኝም።

ስለ ድምፅ ካነሣሁ «ጠ»ን እና «ቀ»ን ሳልጠቅስ አላልፍም። ልጄ ለረጅም ጊዜ «አባዬ መጣ» ለማለት «አባዬ መታ» ትል ነበር፤ ከሥራ ስገባ ጎረቤት የሚሰማው ይህንን ነው። «ተ» እና «ከ» ትንፋሽ ይዘው ይወጣሉ፤ «ጠ» እና «ቀ» ደግሞ ጉሮሮ ላይ ታፍነው ይፈነዳሉ። መዳፏን አፏ ፊት አድርጋ «ታ፣ ታ፣ ታ» ስትል ንፋሱ እጇን ይነካታል። «ጣ፣ ጣ፣ ጣ» ስትል ይቀንሳል። ይህንን ጨዋታ በጣም ትወደዋለች። መሳቂያ እንዳትሆን እንጂ እንድትቸኩል አልፈልግም፤ ሆኖም ሁለቱን ድምፆች በጆሮዋ ሳትለይ ሁለቱን ፊደላት በዓይኗ እንድትለይ መጠየቅ ተገቢ አይመስለኝም። መጀመሪያ ጦጣዋ በግጥም ትምጣ፣ ፊደሉ ይከተላል።

ሞክሼ ፊደላት ላይ፣ ማለትም መልካቸው ተለያይቶ ድምፃቸው አንድ በሆኑት ላይ፣ ብዙ አልቆይም። «ለምን ሁለት ሰ አለ?» ብላ ጠየቀች፤ እናቴ በቀድሞ ስማቸው አስተዋወቀቻት፤ እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ፤ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። ስም ያለው ነገር ለልጅ አይከብድም። የትኛው ቃል በየትኛው ይጻፋል የሚለውን ግን ሌላ ዓመት ይድረስበት። ዛሬ ፀሐይን በጸሎቱ ጸ ብትጽፍ ቀይ እስክሪብቶ አላነሣም።

ሰሞኑን ራሷ መጻፍ ጀምራለች። ኳስ ሥላ ከሥሩ «ኩአስ» ብላ ጻፈች። ዲቃላ ፊደላትን ገና አላስተማርኳትም ነበር፤ ድምፁን ግን በራሷ ፈትታ፣ «ኩ» እና «አ» ተዋሕደው እንዳሉ ሰምታ፣ ባላት ፊደል ጻፈችው። አጠገቡ «ኳ»ን ጻፍኩላትና ሁለቱን በአንድ የሚይዝ ፊደል መኖሩን ነገርኳት። ትክ ብላ አየችው። «ስንት ጭብጨባ ነው?» አለች። «አንድ» አልኳት። አጨበጨበች፣ «ኩአ»ን ሰረዘችና «ኳስ» ብላ ጻፈች፤ ቀጥላም «ጓደኛ»ን በየትኛው እንደምትጽፈው ጠየቀችኝ።